ረቡዕና አርብ የሚነሳው ራስ ምታት

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። ጸሐፊዋ ስሟ እንዳይወጣ ጠይቃለች። ትንሽ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። 34 ዓመቴ ነው። አስተማሪና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ጤና ካጣሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ራሴን ያመኛል፤ በተለይ ረቡዕና አርብ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ጀምሮ ሊፈነዳ ይደርሳል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ልቤ እየደለቀ እነቃለሁ። ሆዴ ይነፋል፣ ቃር አለኝ፣ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይከዳኛል። ሦስት ቦታ ታክሜያለሁ። የደም፣ የሽንት፣ የሰገራ ምርመራ፣ አልትራሳውንድ፣ የልብ ምርመራ ተደረገልኝ። መልሱ ሁሌም ‹ምንም የለሽም› ነው። ደሜ 12.6 ስለሆነ ደህና ነው ተባልኩ። ለማንኛውም ብለው የብረት ክኒን ሰጡኝ። ከቁርስ በኋላ በሻይ እውጠዋለሁ፤ ለውጥ የለውም። ለራስ ምታቱ በሳምንት አራት አምስት ቀን ፓናዶል ኤክስትራ እወስዳለሁ። አማቴ ዓይን ነው ይላሉ። ባለቤቴ ጭንቀት ነው ይላል። ጥቅምት ላይ ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ገብቼ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት በራስ ምታት ልሞት ነበር። ከዚያ ግን ቀለለኝ፤ በዘጠነኛው ቀን ሰው ሆኜ ተመለስኩ። ቤቴ በገባሁ በሳምንቱ ሁሉም እንደነበረ ሆነ። እምነቴ ጎድሎ ይሆን? የሚያስታግስልኝ ቡና ብቻ ነው። ጠዋት ሦስቱንም ጠጥቼ ነው ከቤት የምወጣው፣ ትምህርት ቤት ማኪያቶ አለ፣ ማታ ከጎረቤት ጋር ተራ በተራ እናፈላለን። ጾም ላይ ግን እስከ 9 ሰዓት ምንም አልቀምስም። ምን ላድርግ? ደግሞ ከሁለተኛው ልጄ በኋላ የወሊድ መከላከያ እንክብል እወስዳለሁ፤ እሱ ችግር ያለው አይመስለኝም።»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለተኛውን ጊዜ እርሳስ ይዤ ነው። ሰዓት የጻፍሽበትን ሁሉ አሰመርኩበት። በሽታሽ ሰዓት ያውቃል።

መጀመሪያ ግን ስለዚያ «ምንም የለሽም» ስለሚባለው ቃል ልንገርሽ። ይህን ቃል ሰምተው አንገታቸውን ደፍተው የሚወጡ ብዙ ሴቶች አይቻለሁ። ነርስ ሆኜ መንዝ ስሠራ እኔም ብዬዋለሁ፤ ዛሬ ድረስ ይቆጨኛል። ቃሉ በትክክል ሲፈታ «የመረመርናቸው ነገሮች ላይ አላገኘንም» ማለት ነው። አታሚም ማለት አይደለም፤ ከራስሽ ፈጠርሽው ማለትም አይደለም። ስትመረመሪ ቡና በስንት ሰዓት እንደምትጠጪ፣ ክኒኑን በምን እንደምትውጪ የጠየቀሽ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔ ሐኪምሽ አይደለሁም፣ በደብዳቤ ምርመራ አይደረግም። ግን አንቺው ራስሽ የጻፍሽው ነገር ብዙ ይናገራል።

ከረቡዕና አርብ እንጀምር። ማክሰኞ ማታ ከጎረቤቶችሽ ጋር የመጨረሻውን ሲኒ ስታስቀምጪ ምሽት 1 ሰዓት ነው እንበል። ረቡዕ ጾም ነው። ጠዋት አቦል የለም፣ ማኪያቶ የለም። 5 ሰዓት ሲሆን ከመጨረሻው ቡና 16 ሰዓት አልፏል። ካፌይን (ቡናና ሻይ ውስጥ ያለው የሚያነቃቃ ነገር) የለመደ ሰው ድንገት ሲያቋርጥ ራስ ምታቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ውስጥ ነው። ማለትም 5 ሰዓት ላይ መጀመሩ ልክ በጊዜው ነው። 9 ሰዓት ላይ ቅዳሴው አልቆ ቤት ትገቢያለሽ፣ ቡና ይፈላል፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ራስሽ ይለቅሻል። አንቺ ከዚህ የተረዳሽው ቡና መድኃኒትሽ እንደሆነ ነው። እኔ የማነበው ሌላ ነው። ቡናው የሚያስታግሰው የራሱን ጉድለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። ስንደክም አእምሯችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ነገር ይጠራቀማል፤ «በቃሽ፣ እረፊ» የሚለው እሱ ነው። ካፌይን የአዴኖሲንን መቀመጫ ቀድሞ ይይዝበታል፣ ስለዚህ ድካሙ አይሰማንም። ሰውነት ደግሞ ዝም አይልም። ቡናው በየቀኑ ሲመላለስ መቀመጫውን ያበዛል። አንድ ቀን ቡናው ሲቀር አዴኖሲን ያንን ሁሉ መቀመጫ ይሞላዋል፤ የጭንቅላት የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ራስ ይወቅራል፣ ሰውነት ይዝላል፣ ስሜት ይከፋል። ይህ እንዲመጣ ብዙ መጠጣት አያስፈልግም። በቀን 100 ሚሊ ግራም ካፌይን የሚወስድ ሰው እንኳ ሲያቋርጥ ሊሰማው ይችላል፤ ይህ አንድ ትልቅ ኩባያ ቡና ገደማ ነው። የእኛ ሲኒ ትንሽ ቢሆንም አቦል ወፍራም ነው፣ አንቺ ደግሞ በቀን ስንቴ እንደምትጠጪ ራስሽ ቆጥረሽልኛል።

አሁን ወደ ጠበሉ ልምጣ። እምነትሽ አልጎደለም። ይህን ከልቤ ነው የምልሽ። ጠበል ማን ምን እንዳደረገልሽ መዳኘት የኔ ሥራ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ አስታውሺ። ሸንኮራ ዘጠኝ ቀን ስትቆዪ አንድ ሲኒ ቡና ጠጥተሻል? ጠበልተኛ አይጠጣም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት «ልሞት ነበር» ያልሽው ራስ ምታት ካፌይን ሲቋረጥ የሚመጣው ነው። የሚበረታው ከ20 እስከ 51 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ጠቅላላው ከ2 እስከ 9 ቀን ይቆያል። አንቺም በዘጠነኛው ቀን ሰው ሆኜ ተመለስኩ አልሽኝ። ቤትሽ ስትገቢ ጎረቤት «እንኳን በሰላም ተመለስሽ» ብሎ ቡና አፈላልሽ፤ በሳምንቱ ሁሉም ተመለሰ። ያ ዘጠኝ ቀን ሰውነትሽ መዳን እንደሚችል አሳይቶሻል። የትኛውም ላቦራቶሪ ያልሰጠሽ መረጃ ነው፤ እባክሽ እንደ ተሸነፍሽበት ጊዜ አታስቢው።

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ልብ እየደለቀ መንቃቱስ? እዚህ ላይ ነው መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ያለፍሻት እንክብል የምትገባው። ጤነኛ ሰው ከጠጣው ካፌይን ግማሹን ለማስወገድ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ኤስትሮጅን የሚባል ሆርሞን ያለበት የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስድ ሴት ላይ ግን ይህ ጊዜ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ጉበት ካፌይኑን የሚፈጭበትን መንገድ እንክብሉ ያዘገየዋል። ምሽት 1 ሰዓት ላይ የጠጣሽው ቡና ለጎረቤትሽ እኩለ ሌሊት ላይ ግማሹ ሄዷል። አንቺ ዘንድ ግን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ከግማሹ በላይ አለ። ጎረቤትሽ ጠጥታ እንደ ድንጋይ ትተኛለች፣ አንቺ ጣሪያ ስትቆጥሪ ታድሪያለሽ። «እሷ ምን ሆና ነው እኔን እንዲህ የሚያደርገኝ» ትያለሽ። ሲኒው አንድ ነው፣ የሚቆይበት ጊዜ ግን ይለያያል። ሕመሙ የጀመረሽም ከሁለት ዓመት በፊት ነው፤ እንክብሉን ከጀመርሽበት ጊዜ ጋር እስቲ አስተያዪው። ቀኑን አልጻፍሽልኝም፣ ግን ልብሽ ያውቀዋል።

ስለ እንክብሉ ሌላም አለ፣ ይኼኛው ከቡና ይበልጣል። ራስ ምታቱ ከመምጣቱ በፊት ዓይንሽ ላይ ብልጭልጭታ፣ የተሰባበረ መስመር ወይም ጭጋግ የሚመስል ነገር ታያለሽ? ፊትሽ ወይም እጅሽ ይደነዝዛል? አዎ ከሆነ ነገ ዛሬ ሳትዪ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ሄደሽ ንገሪያቸው። እንዲህ ያለ፣ ማይግሬን የሚባል ራስ ምታት ላለባት ሴት ኤስትሮጅን ያለበት እንክብል አይመከርም፤ የአንጎል ደም ሥር መዘጋት አደጋን ይጨምራል። ሌላ ዓይነት መከላከያ ይሰጡሻል። ዝም ብለሽ ግን አታቋርጪ፤ ያልታሰበ እርግዝና መጥቶ ሌላ ጣጣ ውስጥ እንዳትገቢ።

የራስ ምታት ክኒንሽንም ተመልከችው። ፓናዶል ኤክስትራ ፓራሲታሞል ብቻ አይደለም። በአንዱ ክኒን ውስጥ 65 ሚሊ ግራም ካፌይን አለ። ሁለት ስትውጪ 130 ሆነ። ቡናን በክኒን መልክ እየጠጣሽ ነው ማለት ነው። ደግሞ እንዲህ ያለውን የተቀላቀለ ማስታገሻ በወር አሥር ቀንና ከዚያ በላይ፣ ለወራት፣ የሚወስድ ሰው ክኒኑ ራሱ ራስ ምታት ያመጣበታል። በሳምንት አራት አምስት ቀን ካልሽ በወር ወደ ሃያ ቀን ይጠጋል። ይህንንም ለሐኪምሽ ንገሪው።

አሁን ድካምሽን እንይ። እናቴ መሐል ሜዳ ሆና ደም ማነስ ተብላ የብረት ክኒን ታዝዞላት ነበር። ቀዩን ክኒን መዳፏ ላይ አድርጋ ምድጃው ዳር ትቀመጣለች። በሌላው እጇ የሻይ ብርጭቆ አለ። ከቂጣው ቆርሳ፣ ክኒኑን ወርውራ፣ ሻዩን ፉት ትልበታለች። «ያለ ሻይ አይወርድልኝም» ትላለች። አራት ወር ሙሉ አንድም ቀን ሳታጎድል ዋጠች፤ ደሟ ንቅንቅ አላለም። ሁላችንም ክኒኑን ነበር የምንወቅሰው።

ሻይና ቡና ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ብረቱን አንጀት ውስጥ ይዘው ያስቀሩታል። በ1983 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ሃምበርገር ከበሉ ሰዎች ላይ ይህን ለክቶ ነበር። ከምግቡ ጋር ቡና ሲጠጡ ወደ ደማቸው የሚገባው ብረት በ39 በመቶ ቀነሰ፤ ሻይ ሲሆን በ64 በመቶ። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ሌላው ውጤት ነው። ቡናውን ከምግብ አንድ ሰዓት ቀድመው የጠጡት ላይ ምንም አልቀነሰም። ከምግብ በኋላ በአንድ ሰዓት የጠጡት ላይ ግን አብሮ እንደመጠጣት ያህል ቀነሰ። የእኛ ቡና መቼ ነው የሚፈላው? እንጀራው እንደተነሳ፣ ምግቡ ገና ሆድ ውስጥ ሳለ። ጾም ላይ ደግሞ ሥጋ የለም፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን ነው። ከእህልና ከቅጠል የሚገኘው ብረት ደግሞ ከሥጋው ይልቅ በሻይና በቡና በቀላሉ ይያዛል። የሁለት ልጆች እናት ነሽ፣ የወር አበባ አለ፣ በዓመት ስንት ጾም አለ። ብረትሽ መጉደሉ ቢታወቅ አይደንቀኝም።

12.6 ደህና ነው መባልሽ ላይም ጥያቄ አለኝ። ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት 12 የሚባለው የደም ማነስ ድንበር የባሕር ጠለል ላይ ለሚኖር ሰው ነው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሰውነት ብዙ ደም ይሠራል፤ ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት ድንበሩ ከቦታው ከፍታ ጋር ከፍ እንዲል ይመክራል። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ለሚኖር ሰው 12.6 ብሎ ፋይሉን መዝጋት ይከብደኛል። «ፌሪቲን» የሚባል ምርመራ ጠይቂ፤ የተጠራቀመውን ብረት የሚለካው እሱ ነው። ደም ገና ሳያንስ ጎተራው ባዶ መሆኑን ያሳያል።

እስከዚያው ክኒኑን በውኃ ዋጪው። ሎሚ ወይም ብርቱካን ብታክይበት ብረቱ የተሻለ ይገባል። ሻይና ቡና ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይራቁት። ወተትም እንዲሁ። ሰገራሽ ቢጠቁር አትደንግጪ፣ ከብረቱ ነው። ክኒኑን ሳትወስጂ እንደ ሬንጅ ቢጠቁር ግን ወዲያው ሐኪም ቤት ሂጂ።

ስለ ሆድሽ አጭር ነው የምለው። ቡና የጨጓራ ቁስለት ያመጣል የሚለው ወሬ ጥሩ ማስረጃ የለውም። በባዶ ሆድ ሲጠጣ ግን ቃር ያባብሳል፣ አንቺ ደግሞ ሦስቱንም ሳትበዪ ነው የምትጠጪው። የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራ ከሰገራው ጋር ተሠርቶ እንደሆነ ጠይቂ፤ አገራችን ላይ ብዙ ሰው አለበት፣ በመድኃኒትም ይጠፋል። መነፋቱ ከማኪያቶው ወተት ሊሆን ይችላል። ብዙ አዋቂ ኢትዮጵያዊ የወተትን ስኳር አይፈጭም፤ እርጎ ግን ይስማማዋል። ለሁለት ሳምንት ወተት ብቻ ተይና እይው። ባቄላና አተር በባሕርያቸው ይነፋሉ፤ ዘፍዝፎ ውኃውን ደፍቶ መቀቀል ይቀንሰዋል። ገብስና ስንዴ ነው ብለሽ ካሰብሽ ግን ሳትመረመሪ አትተይው። የግሉተን (ገብስና ስንዴ ውስጥ ያለው ፕሮቲን) ምርመራ እውነቱን የሚናገረው እየበላሽው ከተመረመርሽ ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን እንዳትተዪ አደራ፤ ቢሻልሽ የቱ እንዳሻለሽ አታውቂም፣ ደግሞ ትራቢያለሽ።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ምንም ሳትለውጪ ደብተር ያዢ። የተማሪ ደብተር ይበቃል። ቡና፣ ሻይ፣ ማኪያቶ፣ ክኒን፣ እያንዳንዱን ከሰዓቱ ጋር። ራስ ምታቱ የጀመረበት፣ የለቀቀበት። የነቃሽበት ሌሊት። የወር አበባሽ ቀንም ይግባ። ይህን ደብተር ይዘሽ የገባሽበት ሐኪም «ምንም የለሽም» ለማለት ይቸገራል።

ከዚያ ቀስ ብለሽ ውረጂ። ድንገት ማቆም የሸንኮራውን ሦስት ቀን መመለስ ነው፤ ምንም አያስፈልግም። በመጀመሪያው ሳምንት የማታውን ቡና ተዪ። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ካፌይን የለም። በሁለተኛው የጠዋቱን በረካ ተዪ፣ በሦስተኛው ቶናውን። ማኪያቶው በአራተኛው ይሂድ። አቦልሽን እኔ አልወስድብሽም። ቁርስ ከመብላትሽ አንድ ሰዓት ቀድመሽ ጠጪው፤ ባዶ ሆድ ለቃርሽ ከከበደሽ አንድ ሁለት ጭብጥ ቆሎ ቅመሽበት። ማስታገሻውንም ካፌይን የሌለበት ተራ ፓራሲታሞል አድርጊው፣ እሱም በሳምንት ከሁለት ቀን ባይበልጥ። ወደ አንድ ሲኒ ስትወርጂ ረቡዕና አርብ ራሳቸው ይቀላሉ። ሰውነትሽ ብዙ ስላልለመደ የሚጮኸው ትንሽ ነው። ጾምሽን ማፍረስ የለብሽም።

የማታው የጎረቤት ቡና እንደሚከብድሽ አውቃለሁ። ሰው ቡና ጠጡ ብሎ ጠርቶሽ አልጠጣም ማለት ኩርፊያ ይመስላል። ደግሞ ያ ሰዓት ለብዙ ሴቶች ብቸኛው የራሳቸው ሰዓት ነው። እንዳትቀሪ። ሂጂ፣ ቁጭ በይ፣ ዕጣኑን አሽትቺ፣ ወሬውን ስሚ። ለራስሽ ጦስኝ ይዘሽ ሂጂ። የጓሳና የጣርማ በር ጦስኝ እንደናንተ ቅርብ ያለው ማን አለ? ለብቻው ተፈልቶ ካፌይን የለውም፤ ሻይ ቅጠል ግን አትጨምሪበት። ሲጠይቁሽ «ሐኪም ማታ ቡና ከልክሎኛል» በይ። አማትሽ «ያለ ቡና እንዴት ተደርጎ» ቢሉ፣ የሸዋ ክርስቲያን ቡናን በሰፊው የለመደው ከአጼ ምኒልክ ዘመን ወዲህ እንደሆነ በፈገግታ አጫውቻቸው። የቅድመ አያቶቻቸው እናቶች አንኮበር ላይ ያለ አቦል ኖረዋል።

ባለቤትሽ ጭንቀት ነው ያለውን ሙሉ በሙሉ አልጥልም። ሁለት ዓመት የታመመ ሰው ይጨነቃል። ብዙ ካፌይን ያለው፣ ሌሊት የማይተኛ ሰው ልቡ ሲደልቅ ሰውነቱ ራሱ ፍርሃት ይመስለዋል። ይህን ደብዳቤ አብራችሁ አንብቡት።

ሐኪም ቤት ስትመለሺ ከፌሪቲኑ ጋር የእንቅርት ዕጢ ምርመራም ጠይቂ። ልብ መድለቅ፣ ድካምና እንቅልፍ ማጣት ከእሱም ይመጣሉ፤ ካልተሠራልሽ ይሠራ። ራስ ምታት እንደ መብረቅ ድንገት ከመታሽ፣ ከትኩሳትና ከአንገት መድረቅ ጋር ከመጣ፣ ራስሽን ከሳትሽ፣ ደረትሽን ከወጋሽ ወይም ሳታስቢው ክብደት ከቀነስሽ ደብተሩን ትተሽ ወዲያው ሂጂ። ያረገዝሽ መስሎ ከተሰማሽም ቶሎ ተመርመሪ። እርግዝና ላይ ካፌይን ሰውነት ውስጥ ከእንክብሉም በላይ ይቆያል፤ በቀን ከ200 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመከራል።

ደብተሩን የፊታችን ሰኞ ጀምሪ። ሁለቱ ሳምንት ሲያልቅ የረቡዕና የአርቡን ገጾች ብቻ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ማክሰኞ ማታ የመጨረሻውን ሲኒ በስንት ሰዓት እንዳስቀመጥሽ መጻፍ እንዳትረሺ።